የቡና ናሙና ሳይቀምስ የማይገዛ ነጋዴ ድረ ገጽ ሲያሠራ ለምን ዓይኑን ይጨፍናል?

ቡና የሚገዛ ሰው በሻጩ አፍ አያምንም። ሚዛን ተፈሪም ሆነ ቴፒ፣ ቦንጋም ሆነ ጅማ፣ ከጆንያው መሐል ናሙና ሳይወጣ፣ እርጥበቱ ሳይለካ፣ እንከኑ ሳይለቀም፣ አልፎም ተቆልቶ በቀማሽ ምላስ ሳያልፍ ደፍሮ ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ ቢኖር ወይ ለሙያው እንግዳ ነው፣ ወይ ገንዘቡ የራሱ አይደለም። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ለድርጅቱ ድረ ገጽ ለማሠራት ያሰበ ዕለት ጠባዩ ይለወጣል። የወንድሙ ልጅ የሚያውቀው «ኮምፒውተር የተማረ ልጅ» ይመጣል፤ ልጁም «እሠራለሁ» ይላል፤ ቀብድ ይከፈላል። ናሙና የጠየቀ የለም።

ጉዳዩ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ያስረዳ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት እያወቀ ገዢው የማያውቅ ከሆነ፣ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ያቀርባል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረውም ብልሽት ያለበት ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ዓይነቱ ምርምር አከርሎፍ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የድረ ገጽ ሥራ ገበያችንም ከዚህ እምብዛም አይለይም። ነጋዴው ጎበዙን ከሰነፉ መለየት ስለማይችል ለሁሉም ያንኑ ትንሽ ዋጋ ይሰጣል። ጎበዙ ወጣት ተማርሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ ወይም ሥራውን በኢንተርኔት ለውጭ ሰው ይሸጣል። በአካባቢው የሚቀረው ሌላው ነው። በዚህ የሚጎዳው ደግሞ ሁለቱም ወገን ነው፤ ወጣቱ ሥራ ያጣል፣ ነጋዴውም የሚታይ መስኮት ያጣል።

ናሙናው ምንድን ነው?

ለድረ ገጽ ሠሪ ከጆንያ የሚወጣው ናሙና «ፖርትፎሊዮ» ይባላል። ቃሉን ሲሰሙ የአክሲዮን ስብጥር የሚታወሳቸው አንባቢያን እንደሚኖሩ እገምታለሁ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቃሉ በዚያ በኩል ደጋግሞ ይነሳል። እዚህ ላይ ግን የምንነጋገረው ስለ ሌላው ነው። አንድ ባለሙያ የሠራቸውን ሥራዎች አሰባስቦ ለደንበኛ የሚያሳይበት የግል ድረ ገጽ ማለታችን ነው። ሠዓሊ ሥዕሎቹን፣ አናጢ የሠራውን በርና መስኮት ፎቶ አንስቶ እንደሚያሳየው ሁሉ መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ የድረ ገጽ ሠሪ ማሳያው ራሱ የሥራው ውጤት መሆኑ ላይ ነው። በሩን የሚያሳየው በበር አይደለም፤ ድረ ገጽን የሚያሳየው ግን በድረ ገጽ ነው። ስለዚህ ማሳያው ከተንጋደደ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ጀማሪው ይህን ለመሥራት ምን ያስፈልገዋል? ከሚባለው በጣም ያነሰ። ኤችቲኤምኤል የሚባለው ቋንቋ የቤቱ ምሰሶና ማገር ነው፤ ርዕሱ የቱ፣ አንቀጹ የቱ፣ ፎቶው የት እንደሚገባ ይናገራል። ሲኤስኤስ ምርጊቱና ቀለሙ ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሲነኩት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ነው። ለመጀመሪያ ፖርትፎሊዮ ሁለቱ ፊተኞች በቂ ናቸው ብል ብዙ የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። መጻፊያው ነፃ ነው። ማስቀመጫውም ቢሆን ጊትሃብን የመሳሰሉ ድርጅቶች የግል ገጽ ያለ ክፍያ ያስተናግዳሉ። ከኪስ የሚወጣው ለኮምፒውተሩ፣ ለኢንተርኔት ዳታውና ለአድራሻ ስሙ ነው። የአድራሻ ስሙን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነውና።

ትምህርቱም ከደቡብ ምዕራቡ ሩቅ አይደለም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተርና የኢንፎርማቲክስ ትምህርቱን የሚሰጠው በቴፒ ግቢው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለውን ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠና ጀምሯል፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርትም ይገኝበታል። ከሁለቱም ቦታ ወጣቱ የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል። ሆኖም የምስክር ወረቀት በጆንያው ላይ እንደተጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ከውስጥ ያለውን አይነግርም።

ለምን ደቡብ ምዕራብ? ለምንስ አሁን?

ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና የራሳቸውን እርሻ ምርት ከሚልኩ ባለሀብቶች በስተቀር የሌላው ሁሉ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይደባለቅ ነበር። ቴፒ ቴፒ ነው፣ በበቃ በበቃ ነው፤ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ግን ገዢው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ የቴፒ አቅራቢ ድረ ገጽ ቢኖረው ምን ሊጽፍበት ነው? የራሱ ስም ከመጋዘኑ በር አያልፍም።

ነገሩን የለወጠው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው። ከዚህ አዋጅና ከተከታዮቹ መመሪያዎች ወዲህ ቡናው ከመነሻው ሊታወቅ የሚችልበት፣ አምራቹና አቅራቢው ከላኪው ጋር በቀጥታ የሚተሳሰሩበት በር ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ደግሞ ስም ዋጋ አገኘ። የውጭው ቆሊ ስለ ቡናው የሚሰማው ስም ካለ፣ ናሙናው እስኪደርሰው አይጠብቅም፤ ማታውኑ ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል። ካላገኘ ወደሚያገኘው ይሄዳል።

ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ ከዚሁ አገር የተሻለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእንግሊዝ ቆንስል በጌሻ አካባቢ ካለው ጫካ የቡና ዘር አሰባስቦ ላከ። ዘሩ በኬንያና በታንጋኒካ በኩል ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ፓናማ ተተከለ። እዚያም አርባ ዓመት ያህል ተረስቶ ከቆየ በኋላ አሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ እ.ኤ.አ. በ2004 ለብቻው ለይቶ ለውድድር አቀረበውና አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ በጊዜው ጉድ የተባለለት ዋጋ ነበር። የዚሁ እርሻ 20 ኪሎ ቡና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በተደረገው ጨረታ በኪሎ 30,204 ዶላር ወጥቶለታል። ዛሬ በዓለም ላይ ይህን ስም ሰምቶ አስቀድሞ ፓናማ የሚታወሰው ጠጪ ጥቂት አይደለም።

ስሙን ወደ ቤቱ ለመመለስ ከተሞከረው ሁሉ ጎልቶ የሚታየው «ጌሻ ቪሌጅ» ነው። አዳም ኦቨርተንና ራሔል ሳሙኤል የተባሉት የፊልም ባለሙያ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2011 በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን 471 ሄክታር ላይ ያቋቋሙት እርሻ ነው። እርሻውን በ8 ክፍል ከፍለው ለእያንዳንዱ ስም አወጡለት፤ ከየትኛው ክፍል የተለቀመ ቡና እንደሆነ፣ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ለገዢው በጽሑፍና በፎቶ አሳዩት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ ጀመሩ። ባለቤቶቹ ከቡናው በፊት ያካበቱት ሙያ ማሳየት መሆኑን ልብ ይሏል። ሚዛን ዙሪያ፣ ሸኮና የኪ አካባቢ ያለው አነስተኛ አቅራቢ 471 ሄክታር የለውም። ማሳየት ግን ይችላል፤ የሚያሳይለት ወጣት ካገኘ።

እዚህ ላይ ነው የጀማሪው ፖርትፎሊዮና የነጋዴው ጥቅም የሚገናኙት።

ሦስት ሥራ ከአሥር ይበልጣል

ጀማሪዎች የሚሠሩት ስህተት በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው። ገጹን ሲከፍቱት ትልቅ ፎቶ፣ «እኔ እገሌ እባላለሁ፣ ለቴክኖሎጂ ልዩ ፍቅር አለኝ» የሚል ጽሑፍ፣ ቀጥሎም የሚያውቃቸው ቋንቋዎች በመቶኛ ተለክተው ይደረደራሉ፤ «ኤችቲኤምኤል 90 በመቶ፣ ሲኤስኤስ 80 በመቶ»። ከምን 90 በመቶ? ቡና «90 በመቶ ይጣፍጣል» ተብሎ አይሸጥም። ከሥር ደግሞ ከትምህርት ቪዲዮ እያየ የገለበጣቸው አሥር ልምምዶች አሉ፤ የሒሳብ ማሽን፣ የአየር ጠባይ ማሳያ፣ የሌለ ምግብ ቤት ገጽ። ልምምድ ነውር የለበትም፤ «ልምምድ» ተብሎ ከተጻፈበት። የሌለውን ምግብ ቤት እንደ እውነተኛ ደንበኛ አድርጎ ማቅረብ ግን የሌላ አካባቢ ቡና ይርጋ ጨፌ በሚል ጆንያ ከመክተት አይለይም፤ ቀማሽ ሲደርስበት የቀረውንም ያጠፋል።

የሚሻለው ጥቂት ሥራ ነው። አንዱ ራሱ የፖርትፎሊዮው ገጽ፣ አንዱ በሚገባ የተሠራ ልምምድ፣ ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ለእውነተኛ ሰው የተሠራ። ለያንዳንዱ አራት አምስት መስመር ይጻፍለት፤ የማን ነበር፣ ችግሩ ምን ነበር፣ እኔ የሠራሁት የቱን ነው፣ ያልተፈታው ምን ቀርቷል። የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሏታል። እኔ ግን ሠራተኛ የምቀጥር ብሆን መጀመሪያ የማነባት እሷን ነው።

ለእውነተኛ ሰው የሚሠራው ሥራ ከየት ይምጣ? ቴፒ ላይ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ውሃ ዳር ቆሞ እንደመጠማት ነው። በየመንገዱ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። ወጣቱ ወደ አንዱ ሄዶ፣ የአንድ ወቅት ሥራ በትንሽ ክፍያ ልሥራልዎ፣ እኔም በማሳያዬ ላላድርገው ቢል ሁለቱም ያተርፋሉ። በገጹ ላይ መጻፍ ያለበት የውጭ ገዢ የሚጠይቀው ነው፤ ወረዳና ቀበሌው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው (በግምት ሳይሆን ተለክቶ)፣ እሸቱ የሚለቀምበት ወር፣ ታጥቦ ነው ወይስ ከነገለፈቱ የሚደርቀው፣ ስንት የማድረቂያ አልጋ አለ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል ወጣ፣ የመላክ ፈቃዱ በማን እጅ ነው፣ ናሙና ለማስመጣት ለማን ይጻፋል። ፎቶው ከጣቢያው የተነሣ ይሁን። ከኢንተርኔት የተለቀመ የብራዚል ተራራ ፎቶ ለጥፎ «የሸካ ጫካ ቡና» የሚል ገጽ፣ በመልክዓ ምድሩ ብቻ በሠለጠነ ዓይን ይያዛል።

የፊደሉ ነገር የራሱ አንቀጽ ይገባዋል። ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከመግባቱ በፊት በየድርጅቱ የሚሠሩት የአማርኛ ፊደሎች አንዱ የሌላውን አያነቡም ነበር፤ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይወጣ እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ያ ችግር አብቅቷል። ልማዱ ግን አላበቃም፤ ዛሬም የአማርኛውን ጽሑፍ በሥዕል መልክ አስገብተው የሚለጥፉ አሉ። ሥዕል የሆነ ጽሑፍን ፈላጊ ማሽን በቀላሉ አያነበውም፤ ገዢው ስሙን ሲፈልግ አያገኘውም።

በላቲን ፊደል ሲጻፍም አጻጻፉ ብዙ ነው። ቴፒ በአንድም በሁለትም «ፒ» ይጻፋል። ጌሻ በፓናማ አጻጻፍ «ጌይሻ» ሆኖ ከጃፓን ሴቶች ጋር ይምታታል፤ በካፋ ዞንም ጌሻ የሚባል ወረዳ አለ። ሸካና ሸኮ ለውጭ ሰው አንድ ይመስሉታል። ቤንች ማጂ ለሁለት ተከፍሎ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ሆኗል፤ ያለፉት ዓመታት የውጭ መጻሕፍት ግን የሚያውቁት የድሮውን ስም ነው። ሚዛን ተፈሪ ራሷ በመዝገብ ሚዛን አማን ናት። ይህን ሁሉ የሚያውቅና በገጹ ላይ ሁለቱንም ስም የሚያሰፍር ሠሪ የአገሩ ልጅ ነው፤ የባንጋሎር ባለሙያ ምንም ቢራቀቅ ይህን አያውቅም።

የሜጋባይት ሒሳብ

በዚህ ክፍል በራሴ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ የግል ገጽ ለመሥራት ሞክሬ ነበር። በስልክ ያነሣኋቸውን 11 ፎቶዎች እንዳሉ ጫንኩ፤ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ያህል ነበር። በግቢው ፈጣን መስመር ላይ አማረብኝ። ለእረፍት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቼ ለዘመድ ላሳይ ስልኩን ስከፍት፣ ቡናው ፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ገጹ ግማሽ ላይ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 11 ፎቶ በ4 ሜጋባይት 44 ሜጋባይት ነው። መስመሩ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ 1 ባይት 8 ቢት ነውና፣ 176 ሴኮንድ ይፈልጋል፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ። እያንዳንዱ ፎቶ ወደ 150 ኪሎባይት ቢቀነስ ግን ጠቅላላው 7 ሴኮንድ አይሞላም፤ በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ልዩነቱን የሚያይ ዓይን ጥቂት ነው። ፎቶ የሚያሳንሱ ነፃ መሣሪያዎች ሞልተዋል፤ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ እርስዎ ነጋዴው የወጣቱን ማሳያ ሲመረምሩ በቢሮዎ ዋይፋይ አይክፈቱት። ከቢሮ ወጥተው፣ በራስዎ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይክፈቱት። ከዚያም ማስፈንጠሪያዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይንኩ። የማይከፈት ሲያገኙ ይጠይቁ። በመጨረሻም «ይህችን መስመር አሁን እዚሁ ቀይርልኝ» ይበሉት። ራሱ የሠራው ከሆነ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ይህ የመጨረሻው ፈተና ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት ፕሮግራሞች የሚያምር ገጽ በደቂቃዎች ውስጥ ጽፈው ይሰጣሉ። ከላይ የጠቀስነው ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፉ ያሳየው፣ ምልክት ዋጋ የሚኖረው ችሎታ ለሌለው ሰው ለማስመሰል ውድ ሲሆን መሆኑን ነው። ውብ ገጽ ከእንግዲህ ውድ ምልክት አይደለም፤ ማንም ያወጣዋል። ውድ ሆኖ የቀረው ከለቀማው መጀመሪያ እስከ ማድረቂያው መጨረሻ በየሳምንቱ ጣቢያው ድረስ እየሄዱ፣ ስንት ኪሎ እሸት እንደገባ፣ የቱ አልጋ ላይ ምን እንዳለ እየጻፉ ገጹን ማደስ ነው። ከቆላው በበቃ ተነሥቶ ወደ ደጋው ሲወጣ ቡናው የሚደርስበት ጊዜ ይለያያልና ይህ የወራት ሥራ ነው። ለአዲስ አበባው ሠሪ የአንድ ጉዞ ወጪ ብቻ ትርፉን ይበላዋል። ለቴፒው ልጅ የባጃጅ መንገድ ነው። ጀማሪው በልምድ ቢበለጥም በዚህ አይበለጥም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ደንን ስለ መከላከል ባወጣው ሕግ፣ ምንም እንኳ ተፈጻሚነቱ ደጋግሞ ቢራዘም፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ነጥብ ይጠየቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ፣ ከዚያ በታች አንድ ነጥብ። ወጣቱ ይህን መረጃ ሲያገኝ «ማሳያዬን ያደምቅልኛል» ብሎ የገበሬዎችን ስም፣ ስልክና ማሳ በካርታ ለጥፎ እንዳይገኝ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃው ለገዢው በሰነድ ይሰጣል እንጂ አደባባይ አይሰጣም።

ስሙ በማን ተመዘገበ?

ከላይ ያቆየሁት ይህን ነው። የአድራሻ ስም፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ዶሜይን፣ አይሸጥም፤ በየዓመቱ ይከራያል። ዶት ኮም የሚባለው በዓመት 12 ዶላር ገደማ ነው፤ በዶት ኢቲ የሚያልቀው የአገራችን አድራሻ ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ይገኛል። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ አንድ ዶላር በ57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ፣ 12 ዶላር 684 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለላኪ ነጋዴ ይህ ገንዘብ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው።

ዶላር የሚከፍል ካርድ በእጁ የሌለ ወጣት ምን ያደርጋል? ውጭ አገር ላለ ጓደኛው ይደውላል። ጓደኛው በራሱ ካርድ፣ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስም ይመዘግበዋል። ገጹ ይከፈታል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። በመዝገቡ ግን የማጠቢያ ጣቢያው ስም ባለቤት ነጋዴው አይደለም፣ ሠሪውም አይደለም፤ ዳላስ ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ፣ ነጋዴው አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ኢሜይሉን ቢለውጥ፣ ከጓደኛው ጋር ቢጣላ፣ ወይም እንዲያው ቢረሳ ስሙ ይጠፋል።

አገር እንኳ በስም ጉዳይ ምን ያህል እንደሚደክም አይተናል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ባመለከተ ጊዜ የተነሣው ክርክር ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በስምምነት የተቋጨው በ2007 ነበር። መንግሥት ሁለት ዓመት ከፈጀበት፣ የየኪው አቅራቢ ዳላስ ካለ ሰው ጋር ምን ያህል እንደሚፈጅበት መገመት ነው።

ስለዚህ ምዝገባው በነጋዴው ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉም በነጋዴው እጅ ይሁን። ሠሪው የሥራ ፈቃድ ይሰጠዋል እንጂ ባለቤት አይሆንም። የክፍያው አከፋፈል እኔ ሲሆን ያየሁትና የወደድኩት በሦስት የተከፈለው ነው፤ ሲጀመር አንድ ሦስተኛ፣ ገጹ በስልክ ሲታይ አንድ ሦስተኛ፣ ጠቅላላ ጽሑፉ፣ ፎቶውና የይለፍ ቃሎቹ በሰነድ ሲረከቡ ቀሪው። ደላላ መሐል ከገባ የእሱም ድርሻ ከመጨረሻው ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ደላሎቻችን ቅር እንዳይላቸው እንጂ፣ ርክክቡ እንዲያልቅ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። ወጣቱ በበኩሉ በውሉ ላይ አንድ ነገር ማስጻፍ አለበት፤ ሥራውን በራሱ ማሳያ ላይ የማቅረብ መብቱን። ለጀማሪ ይህች መስመር ከክፍያው ግማሽ ትበልጣለች።

የእድሳቱን ቀን ደግሞ ነጋዴው የንግድ ፈቃዱን ከሚያድስበት ማስታወሻ ላይ ይጻፈው። የዶት ኮም ስም ጊዜው ካለፈና መዝጋቢው ድርጅት ከሰረዘው በኋላ ባለቤቱ ከፍ ያለ ክፍያ ከፍሎ የሚመልስበት 30 ቀን ይሰጠዋል። ቀጥሎ 5 ቀን ማንም የማይነካበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ይወድቃል፤ እንዲህ የሚወድቁ ስሞችን ሌት ተቀን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ የቀደመ ይወስደዋል።